ከሟች አፍ የተማረው መንገደኛ

በየቤተሰቡ ሳይሄድ የሄደ አንድ ሰው አይጠፋም። ፓስፖርቱ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ሻንጣ አልገዛም፤ እግሩ ከሰፈር አልወጣም። እሱ ግን ሄዷል። ማዕድ ላይ ከሰው ጋር ይቀመጣል፣ ሲጠሩት ግን ከሩቅ መንገድ እንደተመለሰ ሰው ትንሽ ቆይቶ ነው "አቤት" የሚለው። ዝናብ ቢዘንብ "እዚያ እኮ ዝናቡ እንዲህ አይደለም" ይላል። የወንበር እግር ቢላቀቅ "እዚያ እኮ ወንበር አይላቀቅም" ይላል። እዚያ የሚለውን ቦታ በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

የዚህ ዓይነቱ ሰው አካሄድ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ረጋ ብሎ ላስተዋለው ሰው ደግሞ በጣም ደስ የሚል ሥርዓት ነው። ብድግ ብሎ በአንድ ጊዜ አይሄድም፤ በየተራ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የሚሄደው ሰዓቱ ነው። የእጅ ሰዓቱን በዚያ አገር ሰዓት ያዞረዋል፣ ከዚያ ወዲያ ያለ ቀጠሮ ሁሉ ይበላሻል። ቀጥሎ ትከሻው ይሄዳል፤ ብርድ በሌለበት ትከሻውን ሰብስቦ መራመድ ይጀምራል። ከትከሻው በኋላ ትዕግሥቱ። ምላሱ የሚሄደው ከሁሉም በኋላ ነው፣ እዚህ ቤት ነገር የተበላሸውም ምላስ ላይ ሲደረስ ነው።

ሰውየው ፍሪጅ ጠጋኝ ነበር። ከሥጋ ቤት እስከ መድኃኒት ቤት የሚቀዘቅዝ ነገር ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ሰፈሩ "ክቡር መንገደኛ" የሚል ማዕረግ ሰጥቶታል። "ክቡር መንገደኛ፣ ገና ነዎት?" ይሉታል በር ላይ ሲያገኙት። "በቅርቡ" ይላል፣ ትከሻውን እንደሰበሰበ። ታላቅ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ፊት ለፊት ባለው ክፍል የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ የሱ ክፍል ከሷ መኪና በስስ ግድግዳ ብቻ ነው የሚለየው። ስለዚህ መሄዱን ከማንም ቀድማ የሰማች እሷ ነች።

ክቡር መንገደኛ የተመኘው ሥራ በአንድ ትልቅ ወደብ ያለ የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን ነበር። ወረቀቱ ሁሉ አልቋል፤ የቀረው ከመጋዘኑ አለቃ ጋር በስልክ መነጋገር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ንግግር ግን እንደታሰበው አልሆነም። ክቡር መንገደኛ በትምህርት ቤት የተማረውን እንግሊዝኛ አንድም ስሕተት ሳይገባበት፣ ነጠላ ሠረዙ ሳይቀር እየተሰማ፣ ዘረገፈው። አለቃው እስኪጨርስ ጠበቀው።

"ጌታዬ፣" አለው በመጨረሻ፣ "አንተን የመሰለ ጨዋ መጋዘናችን ቢገባ ልጆቹ ቆባቸውን አውልቀው ይቆሙልሃል እንጂ ዓሣ አይጭኑልህም። እኛ ጋ ሰው ከሰው የሚያወራበትን ቋንቋ ተማርና መልሰህ ደውል።"

ሌላው ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። ክቡር መንገደኛ ግን የወደብ ልጆችን አነጋገር የሚማርበትን ቦታ ሲያስብ ቆይቶ፣ ከቤት ሳይወጣ አገኘው። ኮሪደሩን ተሻግሮ እትዬ ክፍል ገባ።

እትዬ የአጎታቸው ሚስት ናቸው፤ ወላጆቻቸው ካለፉ በኋላ ሁለቱንም ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። አጎታቸው ደግሞ እዚያው ወደብ መርከብ ሲያራግፍ ኖሮ እዚያው የሞተ ሰው ነው። ሚስቱን ሊወስድ አስቦ ነበር። ከመውሰዱ በፊት ግን ባዳ እንዳትሆንበት ብሎ የወደቡን አነጋገር በካሴት እየቀዳ ይልክላት ነበር። በካሴቱ ላይ መጀመሪያ በወደቡ ቋንቋ አንድ አባባል ይላል፤ ቀጥሎ በራሳቸው ቋንቋ ይፈታዋል፤ ከዚያ "በዪ እስቲ" ይልና ዝም ይላል። የዝምታው ርዝመት አንዲት ሴት አባባሉን አንድ ጊዜ ለመድገም የሚበቃት ያህል ነው። በዝምታው ውስጥ ካሴቱ ብቻ ሲንሿሿ ይሰማል። ከዚያ ሰውየው የሰማ ይመስል "ጎሽ" ይላል።

"ውሰደው" አሉ እትዬ ካሴቶቹን ከነማጫወቻው እየሰጡት። "ሳትጨርስ እንዳትመልስልኝ።"

ጥናቱ እንዲህ ተጀመረ። ጥናቱ ደግሞ ደንበኛ ጥናት ነበር፤ ይህን የማይመሰክርለት የለም። የወደቡ ሰዎች እንደምን አደርክ አይሉም፤ "ውሃው እንዴት ያዘህ?" ነው የሚሉት። መልሱ "አንሳፍፎኛል" ነው። ደከመኝ ለማለት "ገመዴ ረጠበ" ይላሉ። አለቃ እያየን ነው ለማለት "ወፏ ምሰሶው ላይ ናት" ይላሉ። ክቡር መንገደኛ እያንዳንዱን አባባል ከነዜማው፣ ከነትንፋሹ ያዘው። ጠዋት ሥጋ ቤት ፍሪጅ ሊጠግን ሲገባ "ውሃው እንዴት ያዘህ?" ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። ሥጋ ሻጩ ቢላውን እንደያዘ አየውና "ደህና ነው ያልከኝ፣ ወይስ ሰደብከኝ?" አለው።

"ሰላምታ ነው።"

"እንግዲያው ሂሳብ ላይ አትጨምርብኝ።"

ነገሩ እስከዚህ የሚያስቅ ነበር። ሳሉ ሲመጣ ግን እህቱ መሳቅ ተወች።

በመጨረሻዎቹ ካሴቶች ላይ አጎታቸው ያስል ነበር። ታሞ ነበር፣ ይህን የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል። ክቡር መንገደኛ ግን በምሁር ትዕግሥት ደጋግሞ አዳምጦ፣ ሳሉ ሁልጊዜ የሚመጣው ከሚያስቀው ቃል በፊት መሆኑን ደረሰበት። ስለዚህ ሳሉ የአነጋገሩ አካል ነው፣ ሰሚውን "ተዘጋጅ" ማለት ነው ብሎ ወሰነ። ሳሉንም አጠና። ደረቅ፣ ከታች የሚነሳ፣ ሁለቴ የሚቆራረጥ ሳል ነበር። ባጠናው በሳምንቱ መድኃኒት ቤት ያለችው ሴት ሳይጠይቃት ሽሮፕ ሰጠችው።

"ሰውዬው ታሞ ነው ያሳለው" አለችው እህቱ።

"እታለም፣ አንቺ ቋንቋ አጥንተሽ ስለማታውቂ ነው" አላት፣ በጣም በርኅራኄ።

"ሳል ቋንቋ የሆነው መቼ ነው?"

"እዚያ እኮ..." አለና ንግግሩን በሳል ቋጨው።

ካሴቱ ላይ ድምፅ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ይሁንና ክቡር መንገደኛ ከወንበር ሲነሳ የግራ ጉልበቱን ማሸት ጀመረ። ጨው ወዶ የማያውቅ ሰው ምግቡ ላይ ጨው ይነሰንስ ጀመር፤ እትዬም ሳይጠይቃቸው ጨዉን ወደሱ ይገፉለታል። አንድ ቀን ምሳ ላይ እህቱ አየችና "ጉልበትህን ምን ሆነሃል?" አለችው። እጁን ከጉልበቱ ላይ አነሳው፤ እዚያ መኖሩን ያላወቀ ይመስል ነበር። እትዬ ከሳህናቸው ቀና ሳይሉ "መሰላል ላይ ነው የወደቀው" አሉ። ወንድሟ በዕድሜው ከመሰላል ወድቆ አያውቅም፤ የወደቀው አጎታቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እህቱ የዩኒፎርም ክሳድ እየሰፋች ግድግዳውን ታዳምጥ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ወንድሟ ይለማመዳል፤ "ውሃው እንዴት ያዘህ?" ይላል፣ እንደ ካሴቱ ዝም ይላል። በዝምታው ውስጥ አንዲት ሴት "አንሳፍፎኛል" አለች።

መኪናዋን አቆመች። ወንድሟ ቀጠለ። "ወፏስ?" ዝምታ። "ምሰሶው ላይ ናት" አለች ሴትዮዋ፣ በዚያው በወደቡ አነጋገር። የሃያ ዓመት ሴት ድምፅ ነበር።

ጨርቁን ከእግሯ ላይ አንስታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። እትዬ ከወንድሟ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፀጉራቸውን አበጥረዋል። ለሠርግ ብቻ የሚለብሱትን ቀሚስ ለብሰዋል። ዓይናቸው ተከድኖ፣ አንድ እጃቸውን በሩ ላይ አሳርፈዋል።

"እትዬ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?"

"ዝም በዪ፣ ቃሉ ያመልጠኛል" አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

በሩ ተከፈተና ክቡር መንገደኛ ብቅ አለ። እትዬን ሲያይ ደነገጠ። "እርስዎ ነዎት እንዴ የሚመልሱልኝ?"

"ታዲያ ማን መስሎህ ነው?"

"ካሴቱ ላይ ያለች ሴት መስላኝ ነው" አለ። እህቱን አያት። "በየቀኑ እኮ ትመልሳለች።"

እትዬ የዚያን ወደብ አነጋገር ሁሉ ያውቁት ነበር። ካሴት በመጣ ቁጥር በዝምታው ውስጥ እየደገሙ ተምረው ጨርሰውታል፤ ከዚያ ሰውየው ሞተ፤ የተማሩትንም ለአንድም ሰው ሳይናገሩት ኖሩ። ይህ በራሱ ልብ የሚነካ ነገር ነው፣ እህቱም ልቧ ተነክቶ ነበር፤ እስከ ማግስቱ ድረስ። በማግስቱ የተጣጠፉ ልብሶች ልታስቀምጥ እትዬ ክፍል ስትገባ አልጋው ላይ ሻንጣ ተከፍቶ አገኘች። ሁለት ቀሚስ፣ ሹራብ፣ የእግር ሹራብ፣ የደም ግፊት መድኃኒታቸው በላስቲክ ተጠቅልሎ።

"ወዴት ነው እትዬ?"

"መሄዳችን አይደል።"

"ማንና ማን?"

እትዬ ሕፃን ልጅ እንደጠየቃቸው ሁሉ አዩዋት። "አንቺ ደግሞ" አሉ፣ የእግር ሹራቡን ጥግ ላይ እያስገቡ።

እህቱ ወንድሟን ፊት ለፊቱ ቆማ ያነጋገረችው ያን ቀን ነው። በሩን ዘጋች፣ ማጫወቻውንም አጠፋች።

"ብቻህን ነው የምትሄደው፣ አይደለም?"

"ብቻዬን ነዋ።"

"እንግዲያው አስረዳኝ። በሄድክ ማግስት እኚህን ሴት ምን ልበላቸው? ባለቤትዎ ዳግመኛ ሞተ ልበላቸው? የፊተኛውን እንኳ ስንት ዘመን ነው የታመሙበት፤ አሁን አቅም የላቸውም።"

ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ሳሉ ቀደመው።

"እሱን ተው።"

"ይህ ሳይታሰብ የመጣ ነው" አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ። "እታለም፣ የስልኩ ቀን ደርሷል። እሱን ልለፍና ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አልተነፍስም።"

"ቢያንስ ስልኩ ላይ አትሳል። ቀዝቃዛ ቤት የሚሠራ ሰው ሲያስል የሰማ አለቃ አይቀጥርም።"

"ሳሉ ከወጣ ቀልዱ አይሠራም።"

"ቀልዱን እዚያው ዓሣዎቹ ይሳቁበት።"

የስልኩ ቀን ፀሐይ ነበር። ኔትወርክ የሚይዘው ፊት ለፊት ባለው ክፍል መስኮት ሥር ስለሆነ ክቡር መንገደኛ ከልብስ ስፌት መኪናው አጠገብ ተቀመጠ፤ ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ክሳዶቹ ላይ አኖረው። እትዬ የሠርግ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ሻንጣቸውን ከእግራቸው ሥር አድርገው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ማንም ሊያስነሳቸው አልደፈረም። እህቱ የወንድሟን ጉሮሮ እያየች ቆመች።

አለቃው አነሳ። ክቡር መንገደኛ ጉሮሮውን ሳይጠርግ "ውሃው እንዴት ያዘህ?" አለው።

ቀጥሎ ደስ የሚል፣ የሽማግሌ ሳቅ ተሰማ። "አንሳፍፎኛል" አለ። "ይህን ከሰማሁ ስንት ዘመኔ። አባቴና ጓደኞቹ ናቸው እንዲህ ያወሩ የነበሩት። ከየት አመጣኸው?"

"ከአጎቴ።"

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ደራ። ጋዝ ሲያፈስ በምን ታውቀዋለህ፣ ግድግዳው በረዶ ሲጋግር ምን ትነካለህ ምን አትነካም፤ ወንድሟ እጁ በሚያውቀው ነገር ላይ ሲደርስ ድምፁ ወደ ራሱ ድምፅ ተመለሰ። እህቱ የሰማችው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነበር። አላሳለም። አንድ ጊዜም አላሳለም፤ ዓይኗን ከጉሮሮው ላይ አልነቀለችም።

"ጥሩ" አለ አለቃው። "ሥራውን ታውቃለህ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ከኋላህ የሚያስለው ሰውዬ ማነው? እሱም ለሥራ ነው የሚመጣው?"

እህቱ እንግሊዝኛዋ ብዙ አይደለም፣ ይህ ግን ገባት። ክፍሉን ዞር ብላ አየችው። መኪናው፣ የጨርቁ ክምር፣ መስታወቱ፣ መስኮቱ። ሦስት ሰው ነበሩ፤ ከሦስቱ ያሳለ የለም። የወንድሟ ፊት አመድ መስሏል። ስልኩ ይጠብቃል። ሥራው፣ ወረቀቱ፣ የወራት ልፋት፣ ሁሉም እዚያ ዝምታ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቀረ።

እትዬ ተነሱ። ሻንጣቸውን እንዳይጥሉት በእግራቸው ገፋ አድርገው ወደ ስልኩ ሄዱና ጎንበስ አሉ። በዚያ በማይታወቅ ወጣት ድምፅ፣ በወደቡ አነጋገር፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

"ባለቤቴ ነው" አሉ። "እሱ አይመጣም። ገመዱ ረጥቧል፣ ሠርቶ ጨርሷል። የሚመጣው ልጁ ብቻ ነው።"

ከዚያ ማዶ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። "እሺ እሜቴ" አለ አለቃው፣ በትልቅ አክብሮት። "ሳሉን ግን አሳክሙት።" ለወንድሟ ደግሞ የሚመጣበትን ቀን ነገረውና ዘጋ።

ማንም ደስ አለን አላለም። እትዬ ሻንጣቸውን አንስተው ወደ ክፍላቸው ሄዱ፤ እህቱ ተከተለቻቸው። ቀሚሶቹን እያወጡ መስቀል ጀመሩ።

"አይሄዱም እንግዲህ?"

"ምን ልሠራ እሄዳለሁ? በዚህ ጉልበቴ ዓሣ ልሸከም?"

"ታዲያ ሻንጣውን ለምን አዘጋጁት?"

እትዬ ሹራቡን ደረታቸው ላይ ይዘው ዞር አሉ። "አጎትሽ ልጁን ተከትሎት ሊሄድ እንደሆነ አላየሽም? ጉልበቱን ሲያሽ አላየሽም? ልጅ ከሙት ጋር ብቻውን ይሰደዳል እንዴ? እሱ ከሄደ እኔም መሄዴ ነበር፤ መሀላቸው የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል።" ሹራቡን መሳቢያ ውስጥ ከተው ገፉት። "አሁን ተነግሮታል። ባሌ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራ ስለሚወድ ነው።"

እህቱ እሷ ስትፈራላቸው እሳቸው ወንድሟን ከሙት ሲጠብቁት መክረማቸውን እዚያው ቆማ ተረዳች። የደም ግፊቱን መድኃኒት ከላስቲኩ ፈታችና ኮመዲኖው ላይ አኖረችላቸው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። ክቡር መንገደኛ ቃሉን ጠበቀ፤ አንድም አባባል አልተነፈሰም። ጨው መነስነሱን ተወ። ሰው ሲጠራው ወዲያው "አቤት" ይላል። ጠዋት ወጥቶ ይሠራል፣ ተመልሶ ዕቃውን ይሸክፋል፣ ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማው የሻንጣ ዚፕ ብቻ ነው። እህቱ የለመነችው ጸጥታ ይኸው ነበር። መኪናዋን ትረግጣለች፣ ታቆማለች፣ ታዳምጣለች። አንዱን ክሳድ በግልባጩ ሰፍታ ፈታችው። ወንድሟ ከሄደ በኋላ ይህ ግድግዳ ሁልጊዜ እንዲህ እንደሚሆን ገባት። ከዓመታት በኋላ በስልክ ሲያወራትም በማታውቀው ሰላምታ ሰላም ሊላት፣ እሷም ከሩቅ እንደሚሰማ ሬድዮ ልታዳምጠው ነው።

ግድግዳውን በመቀሷ እጀታ መታችው።

"አቤት እታለም።"

"ልምምድህ የለም?"

"ሥራውን አገኘሁ እኮ። ለምን ብዬ?"

"ለኔ ብለህ" አለችው። "እኔንም አስተምረኝ።"

የሻንጣው ዚፕ ሲዘጋ ተሰማ። ከዚያ ማጫወቻውን ይዞ መጣና ክሳዶቹ መሀል አስቀመጠው። እትዬም የመኪናውን ዝምታ ሰምተው በርጩማቸውን ይዘው መጡ። ክቡር መንገደኛ የመጨረሻውን ካሴት የመጨረሻ ጫፍ ፈልጎ አገኘ፤ እሱ ራሱ አጥንቶት የማያውቅ ቦታ ነበር፤ ለሥራ ንግግር የሚሆን አልመሰለውም ነበርና። እዚያ ላይ የአጎታቸው ድምፅ በጣም ደክሟል። ሲለያዩ የሚባለውን ነው የሚያስተምረው። የሚሄደው "ቋጠሮዬን ፍታልኝ" ይላል። የሚቀረው "ጫፉ እኔ ጋ ነው" ይላል። ከዚያ "በዪ እስቲ" አለና ካሴቱ መንሿሿት ጀመረ።

ወንድሟ ማጫወቻውን አጠፋው። በራሱ ድምፅ፣ መሬት መሬት እያየ፣ "ቋጠሮዬን ፍታልኝ" አላት።

እህቱ የቻለችውን ያህል፣ ምላሷ እየተያያዘባት፣ ቶሎ ብላ "ጫፉ እኔ ጋ ነው" አለች።

ሁለቱም እትዬን አዩ። እትዬ ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርገው፣ ሌላ ሰው የሚላቸውን እንደሚያዳምጡ ሁሉ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እንደገና በዪው ይልሻል" አሏት። "ችኮላ አይወድም።"

እህቱ ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ወንድሟን አየችው፣ እሱም አያት፤ ማንም አልሳቀም። የምትሰፋውን ጨርቅ ወደ ጎን አደረገችና፣ ወንበሯን ወደሱ አስጠግታ፣ በዝግታ ደገመችው።